ከኮከቡ ጎን ያለው ሙቀት

ይህን የምጽፍላችሁ ከራሴ አውጥቼ አይደለም። የሆነ ነገር ነው።

ማመን የማይፈልግ ሰው አሁኑኑ አልፎት ይሂድ። እኔም አልቀየመውም፤ ነገሩ የደረሰበት ሰው፣ ደርሶ ራሱም፣ በሰዓቱ አላመነም ነበር...

ቦታው እስራኤል አገር፣ አሽከሎን ከተማ ነው። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1994፣ የካቲት ወር፣ ብርዱ ገና ያልለቀቀበት። ሰዓቱ ደግሞ ከንጋቱ አስራ አንድ ገደማ። ጨለማው ሊገፈፍ ሲል፣ ወፍ ገና ሳይንጫጫ።

የነገሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ደጅይጥኑ ናት። ሌላው ራሱ ደርሶ ነው።

መጀመሪያ ስለ ደርሶ ልንገራችሁ፤ ሳታውቁት ብታዝኑለት አልወድም።

ደርሶ ጎንደር እያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምር ነበር። በዘጠና አንድ ከሚስቱ ጋር እዚህ ገባ። ዕብራይስጥ ቶሎ ገባው፤ ያበላሸውም ይኸው ነው። ሌላው ሰው ገና ኡልፓን፣ የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ተቀምጦ ፊደል ሲቆጥር እሱ ሽማግሌ ማረም ጀመረ። "እንደምን አደርክ" ሲሉት "በሳይንስ አነጋገር..." ብሎ የሚጀምር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው።

ሥራው ባርኔአ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነበር። የአንድ ተቋም ጣሪያ ላይ ትንሽ የኮከብ መመልከቻ አለች። እሱ ቴሌስኮፗን ይከፍታል፣ ይለካል፣ ይዘጋል፣ ለአለቃው ይደውላል። ግቫት ጺዮን ወዳለው ሰፈራችን ሲመለስ ግን "እኛ የኮከብ ተመራማሪዎች" ይላል። ጎረቤቱ ከኋላው ይስቅበታል፤ እሱ ደግሞ ጎረቤቱን ከፊት ለፊት ይንቃል።

ሚስቱ ብርሃነሽ ዝምተኛ ሴት ናት። ያን ጊዜ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። የኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድኑ ክሊኒክ ሐኪም "መደንገጥ የለም፣ መድከም የለም" ብሏታል። ደርሶ በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር ይህንንም ልጅ ማጣት ነው። ሌሊት እየተነሳ ትንፋሿን ያዳምጣል። ይህን እኔም አልክድበትም፤ ይወዳት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ደጅይጥኑና አባባ ፈረደ ናቸው። አባባ ፈረደ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ለቅሶም ሰርግም ያለእሳቸው አይሆንም።

ደርሶን በክንዱ ይዘው ወደ ደረጃው አወጡት።

"ልጄ... እማማ ሀረጓ አርፈዋል።"

እማማ ሀረጓ የብርሃነሽ እናት ናቸው። ለመምጣት ተራ እየጠበቁ አዲስ አበባ ቀርተው ነበር።

"መቼ?"

"ቀስ በል! ትሰማለች..." አለች እትዬ ደጅይጥኑ። "ሳምንት አለፋቸው። ለእሷ አይነገርም። ትውለድ፣ ከአራስ ቤት ትነሳ። ከዚያ በማለዳ ሰው ተሟልቶ እናረዳታለን።"

ደርሶ ሳቀ። አዎ፣ ሳቀ። የሚስቱ እናት ሞተው፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ሳቀ።

"ሰው ተሟልቶ? ስንት ሲሆን ነው የሚሟላው? እዚህ አገር እኮ ሐኪም ፊት ለፊት ነው የሚናገረው። ሞተ፣ አለቀ።"

ከዚያ ከኪሱ መለኪያውን አወጣ። ሽጉጥ የሚመስል፣ ወደ አንድ ነገር ሲያነጣጥሩት ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የቴሌስኮፑ መስታወት መቀዝቀዙን የሚያረጋግጡበት ነበር፤ እሱ ግን ሰፈር ውስጥ ይዞት ይዞራል። አባባ ፈረደ ራሰ በራ ናቸው፤ አናታቸው ላይ አነጣጠረ።

"ሠላሳ አንድ! አባባ፣ ራስዎ ከሻይ ይቀዘቅዛል።"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ደረጃውን ይዘው ወረዱ።

ለጊዜው ግን አፉን ዘጋ። ለባህሉ ክብር ሰጥቶ እንዳይመስላችሁ። ሐሳቡ ሁሉ ኮከቡ ላይ ስለነበር ነው።

ኮከቡ እንዲህ ነው። በዚያ ሰሞን በደቡብ ምሥራቅ ሰማይ፣ ከጎህ በፊት በሚወጣው የሰማይ ክፍል አንድ ኮከብ ድንገት ፈካ። መጀመሪያ ተመራማሪዎቹ ሁሉ የተለመደው ዓይነት ፍንዳታ መስሏቸው ነበር። የተለመደው ሲፈነዳ ይግላል፣ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ይህ ግን ቀላ። ቀዘቀዘ። ለዓይን እየደበዘዘ ሄደ...

በኢንፍራሬድ ሲለካ ግን በየቀኑ እየጎላ መጣ።

ኢንፍራሬድ ማለት ዓይን የማያየው የሙቀት ብርሃን ነው። እሱን ለማየት መለኪያው ራሱ መቀዝቀዝ አለበት፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይሞሉበታል። ደርሶ በየንጋቱ እየሞላ፣ ኮከቡ ላይ አነጣጥሮ መርፌዋን ያነባል። ከዚያ ቴሌስኮፑን ትንሽ ገፋ አድርጎ ከጎኑ ያለውን ባዶ ሰማይ ይለካል። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይቀንሳል። ሰማዩም ይሞቃል፣ ቴሌስኮፑም ይሞቃል፣ የሰው ትንፋሽም ይሞቃል። የኮከቡን ብቻ ለማግኘት ባዶው በእርግጥ ባዶ መሆን አለበት።

ሽማግሌዎቹ ከመጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አንድ ንጋት ላይ ባዶው ባዶ አልነበረም።

መርፌዋ ባዶው ሰማይ ላይ ተነሳች። ቀስ ብላ... እያመነታች...

ደርሶ ወደ ዶክተር ኦሬን ደወለ። ኦሬን አለቃው ነው። ቴል አቪቭ አልጋው ውስጥ ሆኖ ነው ሥራውን የሚመራው፤ በንቀት ደርሶን ያስከነዳል።

"ሽቱዮት" አለ ኦሬን እያዛጋ። ከንቱ ወሬ ማለቱ ነው። "ናይትሮጅኑን ሞልተሃል?"

"ሞልቻለሁ።"

"እንግዲያው ተንፍሰህበታል።"

"በቀኝ በኩል ቀዝቃዛ ነው። በግራ በኩል ብቻ ነው የሚሞቀው።"

በስልኩ ውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ።

"በግራ በኩል ምንም ኮከብ የለም።"

"ለዓይን የለም።"

"አንዳንዱ ኮከብ ጓደኛ አለው" አለ ኦሬን። "በአቧራ ተሸፍኖ የማይታይ። ትልቁ ትንሹን ሲውጠው እንዲህ ያለ ፍንዳታ ሊመጣ ይችላል የሚሉ አሉ። ግን እንዲህ ተራርቀው አይደለም። ከዚያ ጣሪያ ላይ ሁለቱን ለይተህ ልታያቸው አትችልም... ዝም ብለህ ለካ።"

ደርሶ ስልኩን ዘግቶ ፈነጠዘ። ፍንዳታው ምን እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው! ስሙ በመጽሔት ይወጣል! ሰፈሩ ያያል!

ከነጋ በኋላ ቤት ሲገባ ብርሃነሽ ሳሎን ተቀምጣለች። ብርድ ልብስ ተከናንባለች። መብራት አላበራችም።

"ምነው አልተኛሽም?"

"ሴቶቹ አሁን ነው የወጡት።"

"የትኞቹ ሴቶች?"

"አንተ ስትሄድ የሚመጡት... አታውቅም እንዴ?"

ደርሶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆመ።

"ምን ይላሉ?"

"ምንም። ይቀመጣሉ። ውሃ ስሰጣቸው አይጠጡም። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተሸፍነዋል፤ አንዷንም አላውቃት። ሆዴን ያያሉ..."

ብርድ ልብሱን ወደ ሆዷ ሳበች።

"ደርሶ... ማን ሞቶብኝ ነው?"

ደርሶ በቁጣ ደረጃውን ወርዶ የእትዬ ደጅይጥኑን በር ደበደበ። አባባ ፈረደም እዚያው ነበሩ።

"እስክትወልድ አላላችሁም? ያልሰለጠኑ ሴቶቻችሁን ለምን ትልኩብኛላችሁ?"

እትዬ ደጅይጥኑ እጇ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"ማንንም አልላክንም። ደጃችሁንም አልረገጥንም።"

"በየንጋቱ እየመጡ ሳሎኔን ሞልተውታል!"

"ጠጡ?" አሉ አባባ ፈረደ በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"የሰጠቻቸውን።"

"አልጠጡም አለች።"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ።

"የተቀመጡት የት ነው?"

"እኔ ምን አውቄ... ወለል ላይም ተቀምጠዋል አለች። አጠገቧ ወንበር አለ፤ እሱን ግን አይነኩትም አለች።"

ሁለቱ ተያዩ።

"ወንበሩን ሀረጓ ይዛዋለች" አሉ አባባ ፈረደ።

ደርሶ አፉን ከፈተ። ሊስቅ ነበር፣ ግን ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

"ስማ ልጄ። መርዶ የምንደብቀው እንዳትደነግጥ ብቻ አይደለም። ሞቷ ያልተነገረ እናት ከልጇ ጎን አትነሳም። ትጠብቃታለች። እነዚያ ሴቶች ሊወስዷት እስኪሟሉ እየጠበቁ ነው፤ ያቺ ወንበር እስካልተለቀቀች አይሟሉም። እባክህ... አንተ አትናገር። 'እናትሽ ሞተች' ያልካት ቀን ሀረጓ ትሄዳለች።"

አሁን ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እትዬ ደጅይጥኑ ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ ስታስታውስ ትሰቀጠጣለች።

"እኔ የሰማይ ሙቀት የምለካ ሰው ነኝ!" ብሏቸው ወጣ።

በማግሥቱ ጣሪያው ላይ መርፌዋ እንደገና ተነሳች። በዚህ ጊዜ አላመነታችም። ከኮከቡ በስተግራ ያለው ባዶ ሰማይ ከኮከቡ ከራሱ በልጦ ሞቀ። ብዕሩ የሚስልበትን ወረቀት አስገብቶ መሣሪያው ራሱ እየመዘገበ እንዲቀጥል ተወው። ሽጉጥ መሳዩን መለኪያ ኪሱ ከቶ በአሮጌ ሱባሩ መኪናው ወደ ቤቱ በረረ። ሴቶቹን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ ነው፤ ከዚያ በሰፈር ሊያዋርዳቸው።

የቤቱ በር ገርበብ ብሏል።

ውስጥ ድምፅ የለም።

ገፋ አድርጎ ገባ...

ሳሎኑ በሴት ተሞልቷል። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ሶፋው ላይ፣ በግድግዳው ጥግ፣ ወለሉ ላይ። በዚያ ብርድ፣ በባዶ እግር፣ ሴራሚክ ላይ ተቀምጠዋል። ብርሃነሽ መሃላቸው ናት። አጠገቧ አንዲት ወንበር ባዶ ናት።

ማንም ዞሮ አላየውም።

መለኪያውን አውጥቶ በሩ አጠገብ ያለችው ሴት ላይ አነጣጠረ።

አስራ አራት።

ወለሉ ላይ አነጣጠረ። አስራ አራት።

ቀጣይዋ ሴት... አስራ አራት። ሌላዋ... አስራ አራት።

ብርሃነሽ ላይ ሲያደርገው ሠላሳ ሁለት አለ። መሣሪያው ይሠራል ማለት ነው።

መለኪያውን ወደ ባዶዋ ወንበር አዞረ።

ሠላሳ ሁለት።

ከዚህ በኋላ ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? ሚስቱን ይዞ ይወጣል። ደርሶ ግን ፈርቷል፤ መፍራቱን ደግሞ ከምንም በላይ ይጠየፋል። ሲፈራ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሰው መሳደብ።

"ይበቃል!" ብሎ ጮኸ። "ይህ ትያትር ይበቃል! እናንተ ጨለማ ውስጥ የምትኖሩ! ብርሃነሽ፣ ተነሽ። ጠይቀሽኝ አልነበር? ይኸው ልንገርሽ። እናትሽ ሞታለች። እማማ ሀረጓ አዲስ አበባ ሞታ ተቀብራለች። ይኸው ነው! ሌላ የሚጠበቅ ነገር የለም!"

ብርሃነሽ አልጮኸችም። ወደ ባዶዋ ወንበር ዞረች።

"እማዬ..." አለች። "አትሂጂ..."

ደርሶ መለኪያውን ገና ከወንበሯ ላይ አላነሳም። ቁጥሩን አየ።

ሠላሳ። ሃያ ስድስት። ሃያ...

አስራ አራት።

ከወለሉ ላይ አንዲት ሴት ብድግ አለች። ነጠላዋን ሰበሰበች። ወደ ወንበሯ ሄዳ ቀስ ብላ ተቀመጠችባት።

"ተሟላን" አለ አንድ ድምፅ። ከየትኛዋ አፍ እንደወጣ አላወቀም።

ያን ጊዜ ብርሃነሽ ሆዷን ይዛ ጮኸች። ደርሶ ዘሎ ያዛት። ቀና ሲል ሳሎኑ ባዶ ነው። ወለሉ ላይ ግን የሰጠቻቸው ውሃ በየብርጭቆው ሞልቶ ቆሟል።

ሐኪም ቤት ከደረሱ በኋላ ከበር መለሱት። ምጥ ነው፣ ያለ ጊዜው ነው፣ ይቆያል አሉት። ሲመሽ አንዲት ነርስ "ሂድና እረፍ፣ እንደውልልሃለን" ብላ ሸኘችው።

ቤቱ እንደገባ ስልኩ ጮኸ። ዘሎ አነሳው።

ኦሬን ነው። ደርሶ ካወቀው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎታል።

"ደርሶ! ጣሪያው ላይ መጥቼ ወረቀቱን አየሁት! ልክ ጎህ ሲቀድ በግራ በኩል ያለው ሙቀት ጠፋ። ድርግም! ኮከቡ ደግሞ በዚያው ደቂቃ ዘለለ። ገባህ? ተውጧል! ፍንዳታው ምን እንደሆነ አወቅን! ርቀቱ እንዴት እንደሆነ እንጃ... ግን አወቅን!"

የደርሶ ዓይን ወለሉ ላይ ከቆሙት ብርጭቆዎች አልተነሳም።

"ምን ሆነሃል? ማዜል ቶቭ፣ እንኳን ደስ አለህ እያልኩህ እኮ ነው!"

ስልኩን ዘጋው።

በማግሥቱ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ደጅይጥኑ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ሳትናገር ገብታ ተቀመጠች። ቀጥሎ አባባ ፈረደ። ቀጥሎ ቤተል፣ በሐኪም ቤቱና በእኛ ሰው መካከል የምታስተረጉም ልጅ ናት። ሐኪም ቤቱ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ባህሉን ታውቃለች፣ ለሽማግሌ ትናገራለች እንጂ ለሐዘንተኛው አትናገርም። ከኋላዋ ሌሎች ጎረቤቶች ከየበረንዳቸው የፕላስቲክ ወንበር ይዘው ገቡ።

ተቀመጡ።

ደርሶ ውሃ ቀድቶ ሰጣቸው። አልጠጡም።

መለኪያውን አነሳ። እትዬ ደጅይጥኑ ላይ አነጣጠረ።

ሠላሳ ሁለት።

አባባ ፈረደ... ሠላሳ አንድ። ሁሉም ሙቅ ናቸው። ሁሉም የእውነት ሰዎች ናቸው። ምነው ቀዝቃዛ በሆኑ ብሎ ተመኘ።

ከዚያ ያ ሁሉን የሚንቅ ሰው ተንበረከከ። የአባባ ፈረደን ጉልበት ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"አትንገሩኝ። አባባ፣ በእግዜር... ወር ደብቁኝ። ዓመት ደብቁኝ። እንዳትናገሩ!"

አባባ ፈረደም አለቀሱ።

"አልተሟላም እኮ!" አለ ደርሶ ዙሪያውን እያየ። "ይኸው አንድ ወንበር ባዶ ነው። ሰው አልተሟላም!"

በሩ ተከፈተ።

ማንም ዞሮ አላየም። ደርሶ ብቻ ነው ያየው።

ብርሃነሽ ናት። የሐኪም ቤቱን ነጭ ልብስ ለብሳለች። በባዶ እግሯ ነው። ሆዷ ጠፍቷል፤ እጆቿም ባዶ ናቸው። በሰዎቹ መሃል አልፋ መጣችና ባዶዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ደርሶን አየችው።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች... መርዶዋን እንዳያስነግር እየለመነችው ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

አባባ ፈረደ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።